ከአሮጌ ሱሪ የተሰፋ ቦርሳ ያሳፍራልን?

ስለ አገራችን ኢኮኖሚ፣ ስለ ትምህርት ሥርዓትና ተመርቆ ሥራ ስለ ማጣት በየጊዜው እንጽፋለን፤ እንከራከራለንም። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ መስሎ ይታይ ይሆናል። ስለ አንድ ቦርሳ ልጽፍ ነው። ቦርሳውም ከሱቅ የተገዛ ሳይሆን ጉልበቱ ላይ ከተቀደደ አሮጌ ጅንስ ሱሪ የተሰፋ ነው። «ምነው፣ የሚጻፍ ነገር ጠፋና ነው?» የሚል እንደማይታጣ አውቃለሁ። ዳሩ ግን እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ለጥናት ጽሑፌ መጠይቅ ላስሞላ ወደ ሰርዶ ሄጄ ነበር። ሰርዶ ከሎግያና ከሰመራ አልፎ ወደ ጋላፊ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ ትንሽ የአፋር ከተማ ናት። ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያመላልሱት ከባድ መኪኖች ቀንም ሌሊትም ያልፉባታል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን እንዳፈራረሳት፣ ሰውም እንደ ሞተባት፣ ከዚያ በኋላ እንደገና እንደ ቆመች የጂኦሎጂ ተማሪዎች ያውቁታል። እኔ ግን ከሰርዶ ይዤ የተመለስሁት ትምህርት ከአንዲት ፍየል ያገኘሁት ነው።

መጠይቆቼን፣ አንድ ዳቦና ጥቂት ሙዝ በፌስታል ይዤ ነበር። ከአንዲት ሻይ ሻጭ ዳስ ገብቼ ስቀመጥ ፌስታሉን ከእግሬ ሥር አኖርሁት። ወዲያው ትኩሱ ነፋስ ተነሣና ወረቀቱን አፍሶ በየመንገዱ በተነው። እኔ በመኪኖቹ መካከል እየሮጥሁ ወረቀት ስለቅም አንዲት ፍየል መጥታ ዳቦውን ከነፌስታሉ ማኘክ ጀመረች። እኔ ስለ ዳቦዬ ስጮኽ ባለ ፍየሉ ደግሞ ስለ ፍየላቸው ጮኹ። ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ናቸው። ከአፏ ፌስታሉን በግድ ፈልቅቀው አወጡና ወደ እኔ ዞሩ። «ዳቦውን ትብላው፤ ዳቦ አይገድላትም። የሚገድላት ይኸ ነው» አሉኝ።

ቀጥለውም ከዚያ በፊት ስለ ሞተችባቸው ሌላ ፍየል ነገሩኝ። ሆዷ እንደ ጠገበ ከብት ተወጥሮ ሳለ ቀን በቀን ትከሳ ነበር። በመጨረሻ ሲያርዷት ከሆዷ ውስጥ እርስ በርሱ የተቋጠረ የፌስታል ክምር ተገኘ። ሆዷ ሞልቶ በረኃብ ያለቀች ፍየል ነበረች ማለት ነው። ፌስታል በእንስሳ ሆድ አይፈጭም፤ አይወጣምም፤ እየተጠቀለለ ለሳሩና ለቅጠሉ የሚሆነውን ቦታ ይይዛል። ፍየልና ግመል ሀብቱ ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለእኛ የሁለት ደቂቃ ዕቃ መያዣ የሆነው ነገር ለእርሳቸው የልጆች ወተት ማጣት ነው።

እኔም አፈርሁ። ሻይ ሻጯ እትዬ ይህን አይታ፣ «ልጄ፣ የሚታጠብ ነገር ያዝ እንጂ» አለችኝና ከዳሱ ጥግ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ላይ የተቀመጠውን ልብስ ሰፊ አሳየችኝ። በሻንጣዬ ውስጥ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ነበረኝና አወጣሁለት። ሁለተኛውን ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ ጥቂት እንደ ቈየሁ ሱሪው ቦርሳ ሆኖ መጣ። የእጁን ዋጋ ከፈልሁና ወረቀቶቼን ከትቼ ተመለስሁ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ የሚያሰኝ ነው። ደስ የማያሰኘው ግቢያችን ከገባሁ በኋላ ያለው ነው። በመጀመሪያው ቀን «ድሪቶ ተሸካሚ» የሚል ስም ወጣልኝ። አንዱ ወዳጄ በቅንነት፣ «ገንዘብ ከቸገረህ ለምን አልነገርኸኝም?» ብሎ ጠየቀኝ። ፌስታል ይዤ በምዞርበት ጊዜ ግን ማንም ችግረኛ ብሎኝ አያውቅም ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንድ ጊዜ ተይዞ የሚጣለው፣ ነፋስ የሚቀደው፣ ፍየል የሚገድለው ነገር የሥልጣኔ ምልክት ሆነ። ታጥቦ ለዓመታት የሚያገለግለውና ሰው በእጁ የሠራው ነገር የድህነት ምልክት ተባለ። ይህ ፍርድ ከየት መጣ?

በበኩሌ የመጣው ከሁለት ቦታ ይመስለኛል። አንደኛው እውነተኛ ትዝታ ነው። ወላጆቻችንና አያቶቻችን እራፊ በእራፊ ላይ እየደረቡ ድሪቶ የለበሱት ወደው አይደለም፤ አጥተው ነው። ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ ያስገባች እናት ልጇ የተጣፈ ነገር ይዞ ሲመጣ ብታይ ልቧ ቢደማ አልፈርድባትም። ሁለተኛው ግን ምክንያት የሌለው ንቀት ነው፤ እርሱም የእጅ ሥራን መናቅ ነው። ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያልን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። የለበስነው ከሸማኔው፣ ያረስንበት ከቀጥቃጩ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ቋንቋውን ለውጦ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ዛሬ ሸማኔን ፊት ለፊት አንሰድብም፤ በእጅ የተሠራውን ዕቃ አይተን መሣቅ ብቻ ነው።

ከዚህም በላይ የተማሪና የቦርሳ ነገር በአገራችን አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ በየመንደሩ ይዞር ነበር። ያን አኩፋዳ ያየ ሰው «ይህ የሚማር ነው» ብሎ ያከብረው ነበር እንጂ በአኩፋዳው አይሥቅበትም። የአፋር እናቶችም ቢሆኑ ከዘንባባ ቅጠል ምንጣፍና መያዣ እየሠሩ፣ ቤቱን ሳይቀር በዚያው ምንጣፍ እያለበሱ፣ ሲጓዙ ነቅለው በግመል ጭነው፣ ሲደርሱ መልሰው እየተከሉ የኖሩ ናቸው። ስለዚህ በእጅ የተሠራ መያዣ ለዚህ አገር እንግዳ ነው የሚል ካለ እንግዳው ራሱ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሕጉ እንነጋገር። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በ1999 ዓ.ም. ሲወጣ ስሱን ፌስታል ማምረትና ማስገባት ገድቦ ነበር። ገበያው ግን ሕጉን እንዳልሰማ ሆኖ ብዙ ዓመት ኖረ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ከእኛ በፊት ሩዋንዳ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008፣ ኬንያ በ2017 ይህንኑ አድርገዋል። እሰየው፣ ደግ ነው። ነገር ግን ሕግ ፌስታሉን ከእጃችን ይወስድ እንደ ሆነ እንጂ በምትኩ ቦርሳ አይሰፋልንም። ቦታው ባዶ ሆኖ ከቈየ ፌስታል በጓሮ በር ይመለሳል፤ ወይም ደግሞ «የአካባቢ ወዳጅ» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ሌላ ከፕላስቲክ የተሠራ ከረጢት በሦስትና በአራት እጥፍ ዋጋ እንገዛለን። ጨርቁ ግን በየቤታችን፣ በየሻንጣችን ታች ተጠቅልሎ ተቀምጧል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» የተባለው ለዚህ ነው።

ሌላም መታረም የሚገባው አሳብ አለ። ብዙዎቻችን በረሃ ማለት ባዶ ቦታ ማለት ይመስለናል። ከአውቶቡስ መስኮት የምንወረውረው ነገር «የትም» የሚወድቅ ይመስለናል። በሰርዶ ዙሪያ ያለው ምድር ግን «የትም» አይደለም። የሚሌ–ሰርዶ የዱር አህያ ጥብቅ ሥፍራ የሚገኘው በዚያ ነው። የአፍሪካ የዱር አህያ በዓለም ላይ ከመጥፋት አፋፍ ከደረሱት እንስሳት አንዱ ነው፤ ጭነታችንን ስንት ሺህ ዓመት የተሸከመልን የቤት አህያ የተገኘውም ከእርሱ ዘር ነው። ነፋሱ ከመንገዱ ዳር ያነሣውን ፌስታል እሾህ ላይ ሲሰቅለው ያ እሾህ የፍየል፣ የግመልና የዱር አራዊት ምግብ ነው።

አሮጌ ልብስ መጣሉም ያው ነው። በቺሊ አገር በአታካማ በረሃ፣ አልቶ ኦስፒሲዮ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ከሀብታም አገሮች የመጣና ገዢ ያጣ ልብስ ተራራ አክሎ ተከምሮ ዓለም በፎቶግራፍ አይቶታል። በጋና ዋና ከተማ በአክራ፣ ካንታማንቶ በሚባለው ገበያ ከሚራገፈው ልባሽ ልብስ የማይሸጠው ወደ ቦዩና ወደ ባሕሩ ዳር ይሄዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዛሬ ከሚሸጠው ልብስ ብዙው ፖሊስተር ነው፤ ፖሊስተር ደግሞ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ፣ ለውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ የቅርብ ዘመድ የሆነ ነገር ነው፤ አፈር አይሆንም። ጥጥ አፈር ይሆናል፤ ነገር ግን ጥጥም በነጻ አልመጣም። ከሰርዶ ብዙ ሳይርቅ በዱብቲ የተንዳሆ እርሻ ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ለብዙ ጊዜ ጥጥ ሲያበቅል የኖረው በአዋሽ ውሃ ነው። በዚያ ሸለቆ አንድ ጠብታ ውሃ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአርብቶ አደሩ አይነገረውም። ጥጥ ልብስ ስንጥል ያን ውሃ አብረን እንደፋለን።

እንግዲህ «ለመሆኑ እንዴት ይሰፋል?» ለሚለኝ፣ ሰርዶ ላይ ያየሁትንና ከዚያ ወዲህ ራሴ የሞከርሁትን ላስረዳ። ሱሪው በመጀመሪያ ይታጠባል፤ ይደርቃል። ከጭኑ በኩል፣ ከተቀደደው ጉልበት በላይ፣ ከሁለቱ እግሮች ወርዱ 40፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንዳንድ ቁራጭ ይወጣል። ይህ ደብተርና መጽሐፍ በሚገባ ይይዛል። መልኩ ወደ ውስጥ ሆኖ ሁለቱ ቁራጮች ይገጠሙና ሁለቱ ጐኖችና ታችኛው ይሰፋሉ። በእጅ የሚሰፋ ሰው መርፌውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እየመለሰ ይስፋ፤ ዝም ብሎ የተሸለለ ስፌት መጽሐፍ አይችልም። ከዚያ የታችኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ሦስት ማዕዘን እስኪሆኑ ተዘርግተው፣ ከጫፋቸው 4 ሴንቲ ሜትር ገባ ተብሎ አግድም ይሰፋሉ፤ በዚህ ጊዜ ቦርሳው የ8 ሴንቲ ሜትር መቀመጫ ያገኛል። ገበሩ ከአሮጌ የጥጥ ሸሚዝ ይሆናል። የሱሪው የኋላ ኪስ በጥንቃቄ ተፈትቶ በገበሩ ላይ ሲሰፋ የመታወቂያና የገንዘብ ማስቀመጫ ነው። ማንገቻው ከጉልበት በታች ካለው ጨርቅ 12 ሴንቲ ሜትር ወርድ ተቈርጦ፣ ተቀጣጥሎ፣ ለአራት ታጥፎ ይሰፋል። ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በአራት ማዕዘን ተሰፍቶ በመካከሉ መስቀል ይደረግበታል፤ ቦርሳ ሁልጊዜ የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነውና። በመኪና ከሆነ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። በእጅ ከሆነ የሁለት ምሽት ሥራ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ። ሳልመልስ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል።

አንደኛው፣ «ይህ ሰልባጅን ማበረታታት ነው፤ የአገር ፋብሪካ ይጐዳል» የሚል ነው። ልባሽ ልብስ ከውጭ ማስገባት በአገራችን የተከለከለ ነው፤ በኮንትሮባንድ እየገባ በየኬላው ይያዛል። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 ልባሽ ልብስን ቀስ በቀስ ለማስቀረት ተስማምተው ነበር። ሩዋንዳ በዚህ ስለ ጸናች አሜሪካ በ2018 ለልብስ ምርቷ ትሰጥ የነበረውን ከቀረጥ ነጻ ዕድል አግዳባታለች። ስለዚህ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እኔ ግን ቦንዳ እናስመጣ አላልሁም። የምለው፣ እኛው የገዛነውን፣ እኛው ለብሰን የጨረስነውን ልብስ ነው። ሱሪውን እስከ መጨረሻው የሚጠቀምበት ሰው የሰልባጅ ደንበኛ አይደለም፤ በየወሩ ርካሽ ነገር ገዝቶ የሚጥለው ነው ደንበኛው።

ሁለተኛው፣ «ሁሉ ራሱ ከሰፋ ልብስ ሰፊው ምን ይበላል?» የሚል ነው። ይህ መልካም ጥያቄ ነው። የሰርዶው ልብስ ሰፊ ግን ከእኔ ያገኘው ገንዘብ በፌስታል ዘመን ከቶ የማያገኘው ነበር። ፌስታል የሚሸጥልን ሰው ለሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሥራ አይሰጥም፤ የተቀደደ ሱሪ ግን ይሰጣል። ጊዜ ያለው ራሱ ይስፋ፤ ጊዜ የሌለው ጨርቁን ይዞ ይሂድ፤ ዋጋ ግን አይከራከር። «ጨርቁ የእኔ ነው» ብሎ የሰውን እጅ በነጻ መፈለግ ያው ንቀት ነው።

ሦስተኛው ወንዶች የሚያነሡት ነው፤ «ስፌት የሴት ሥራ ነው» ይላሉ። ይህን የሚል ወንድም ወደ ገበያ ወጥቶ በስፌት መኪና ላይ የተቀመጡትን ይቍጠር፤ አብዛኞቹን ወንዶች ሆነው ያገኛቸዋል። ሥራው ገንዘብ ሲያመጣ የወንድ፣ በቤት ውስጥ በነጻ ሲሠራ የሴት ይሆናል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ታሪክ ላስታውስ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተሰናዳው የፋሽን ትርኢት በተማሪዎች ተቃውሞ ታውኮ ነበር። የባዕድ ባህል መጫኛ ነው ተብሎ ነበር የተነሡበት። አሳቡ የሚያከራክር ነው፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ቁጣው የወረደው በሴት ተማሪዎች ላይ ነበር። እኔ ከዚህ የምማረው፣ ስለ ልብስ የሚደረግ የተማሪ ክርክር በሌላ ሰው ገላ ላይ ሳይሆን በራስ እጅ መጀመር እንዳለበት ነው። ስለዚህ እኅቶቻችን ይስፉልን አልልም። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ሱሪ እንቅደድ።

አራተኛውና የመጨረሻው፣ «አንድ ቦርሳ ምን ይለውጣል?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ በጋላፊ መንገድ የሚበተነውን ቆሻሻ የእኔ ቦርሳ አያቆመውም። የጭነት ባለቤቶች፣ ማዘጋጃ ቤቶችና ፋብሪካዎች ኀላፊነት አለባቸው፤ እኛም ልንጠይቃቸው ይገባል። ዳሩ ግን ፌስታል በእጁ አንጠልጥሎ ስለ አካባቢ ጥበቃ ንግግር የሚያደርግ ተማሪ የሰርዶው ሽማግሌ ቢሰሙት ምን ይሉታል? ጠያቂ ለመሆን መጀመሪያ የሚጠየቀውን መመለስ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየወሩ በአንድ ቅዳሜ ሁለት የስፌት መኪና ተከራይተን፣ ከገበያ አንድ ልብስ ሰፊ በአስተማሪነት ጠርተን፣ አበሉንም ከፍለን፣ የሚፈልግ ሁሉ ይማር። ልብስ ሰፊውን «መምህር» ብለን ከመድረክ ፊት ብናስቀምጠው ምኒልክ በአዋጅ ያላዳኑትን በሽታ በመጠኑ እናድነው ይሆናል። ሁለተኛ፣ የምንሰበስበውን ልብስ በቅንነት እንለይ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ሲያፈናቅል በየቦታው ልብስ ተሰብስቧል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚለበሰው ታጥቦና ታጥፎ ለሰው ይሂድ፤ የተቀደደው ለቦርሳ ይቅር። ቡትቶን በእርዳታ ስም ለተቸገረ ሰው መስጠት ቆሻሻን ማራገፍ እንጂ ልግስና አይደለም። ሦስተኛ፣ በማኅበሩ ስብሰባና በዓል ሁሉ ፌስታል አይግባ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቃልን ብቻ ይጠይቃል።

የእኔ ቦርሳ እስካሁን አልተበጠሰም። ሁለት ጊዜ ታጥቧል። «ድሪቶ ተሸካሚ» ካሉኝ መካከል አንዱ ባለፈው ሰሞን የተቀደደ ሱሪ ይዞ መጥቶ፣ ማዕዘኑ እንዴት እንደሚሰፋ በዝግታ ጠየቀኝ። ሰው እንዳያየን በሩን ዘጋው። አሳየሁት። ስንጨርስ ግን በሩን ራሴ ከፈትሁት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! የሚያሳፍረው የተጣፈው ቦርሳ አይደለም። የሚያሳፍረው የሌላው ሰው ፍየል ሆዷ ሞልቶ በረኃብ ስትሞት የሞላባት የእኛ ፌስታል መሆኑን እያወቅን ነገም ይዘነው መውጣታችን ነው። መርፌና ክር በየሱቁ አለ። አሮጌ ሱሪ የሌለው ተማሪም ያለ አይመስለኝም።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ